አምስት ቀን የተዋስኩት ጉልበት

የልጅ ልጆቼ ናቸው «እምዬ፣ ያንን የጉልበትሽን ነገር ንገሪን» ያሉኝ። ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። እነሱ ግን የሚወዱት ጎረቤቴ ዘይነባ የምትሰግድበትን ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ስደርስ በሳቅ ይንከተከታሉ፣ የቀረውን አይሰሙኝም። አሁን «ሙሉውን ተናገሪ፣ እኛ እንጽፈዋለን» አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ጎፋ ላይ ሠላሳ ዓመት ሸራ ዘርግቼ ጎመንና ሽንኩርት ስሸጥ ሚዛኑ አስተምሮኛል። ስለዚህ እኔ ልናገር፣ እነሱ ይጻፉ። ከመንገድ ስወጣ ካገኛችሁኝ ታገሡኝ፤ ድሮም ወሬዬ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ጉልበቴን የበላው ያ ሸራ ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ብድግ፣ በሄደ ቁጥር ቁጭ። በመጨረሻ ቀኝ እግሬ እንደ ማጭድ ጎበጠ። ልጄ ፅጌ ከዚህም ከዚያም ሮጣ አሳከመችኝ፤ ያረጀውን መጋጠሚያ ቆርጠው አውጥተው ብረትና ፕላስቲክ ተኩልኝ። በወገቤ በኩል በመርፌ አደንዝዘው ስለሠሩኝ አልተኛሁም። እንዳያስተኙኝ የለመንኩት እኔው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ልጅ ሳለሁ ለሆድ ሕመም ሊቀደድ አስተኝተውት ሳይነቃ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያስተኛ መድኃኒት ስሙ ሲነሳ እጄ ይቀዘቅዛል። ይህን ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ፍርሃት ከዚህ ነው የሚነሳው።

ስወጣ አንድ ማሰሪያ ሰጡኝ። ጥቁር ነው፣ ከጉልበት በላይና በታች ይታሰራል፣ ሁለት እንደ ቁልፍ ያሉ ነገሮች አሉበት። እግሬን ሳጥፍ ምን ያህል እንደታጠፈ ለስልኩ ይነግራል፤ ስልኩ ደግሞ ለፊዚዮቴራፒስቷ። ሰሚራ ትባላለች፣ ከፅጌ የምታንስ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ልጅ።

«እማማ ብርቄ፣ በዚህ እግር ከለቡ እዚህ ድረስ በሚኒባስ ሲጋፉ አይምጡ» አለችኝ። «ቤትዎ ሆነው በቀን አራት ጊዜ ይሥሩ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሐሙስ ሐሙስ አየዋለሁ። ማንበብ አያስፈልግዎትም፤ ቀይ ከሆነ አልሠሩም፣ ቢጫ ከሆነ እየመጣ ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ጎበዝ ማለት ነው።»

«ስንት ሲሆን ነው አረንጓዴ የሚሆነው?»

«ዘጠና። የወንበር ማዕዘን ማለት ነው። ዘጠና ካልታጠፈ ሚኒባስ ወንበር ውስጥ እግርዎ አይገባም።»

ይህ ገባኝ። የሸራ ጓደኞቼ ጎፋ ናቸው፣ ታላቅ እህቴ ነፋስ ስልክ ናት። እግር ዘርግቶ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው አይቼ አላውቅም፤ ረዳቱ የሁለት ሰው ያስከፍላል።

«ካልታጠፈስ?»

ፈገግታዋ ትንሽ ቀነሰ። «በስድስተኛው ሳምንት ዶክተሩ ያይዎታል። ያኔም ደርቆ ካገኘው አስተኝቶ በኃይል ሊያጥፈው ይችላል። እዚያ እንዳንደርስ ነው የምንሠራው።»

አስተኝቶ። ከተናገረችው ሁሉ ይዤ የወጣሁት ያንን ቃል ብቻ ነው።

እንግዲህ «ይህን ያህል እየፈራሽ ለምን አልሠራሽም?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ጠያቂ ነው። እኛ ሰፈር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። የኮንዶሚኒየሙ ሰው፣ እድሩ፣ የጎፋ ሸራ ጓደኞቼ፣ የፅጌ መሥሪያ ቤት ሰዎች ገና በጠዋት ይጀምራሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እንግዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጭንን ገልጦ እግር እያነሱ መወራጨት በኔ ዕድሜ ነውር ነው። ደግሞ ያማል። ሕመም ሲያቅተኝ ሰው ፊት የምጮህ ሴት አልነበርኩም። ጠያቂዎቼም አላገዙኝም። ከሁሉ ድምፅዋ የሚጎላው የእድራችን ሴት አስካለ ገና ከበሩ፣ «ኧረ አርፈሽ ተኚ! የተሰፋ ነገር ይነካካል?» ትላለች። ጋቢ አጥፋ ከጉልበቴ ሥር ታስገባልኛለች። እንዴት ይመቻል መሰላችሁ! ጋቢው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥሩ አልወጣም።

ማታ ፅጌ ትገባና ስልኩን ታያለች።

«እማዬ፣ ደግሞ ቀይ ነው! ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ሰው መጥቶ ነበር።»

«ሰውማ ሁሌ ይመጣል። በሩ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ ‹ታማሚዋ ስፖርት ላይ ናት› ብዬ።»

«መጀመሪያ ቅበሪኝ፣ ከዚያ ለጥፊ።»

ትስቃለች፣ ግን ወደ ጓዳ ስትገባ ዓይኗን ስትጠርግ አያታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን አምስት ሳምንት ሊሞላ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ሰሚራ ደውላ «ሃምሳ ስምንት ነው እማማ» አለች። በማግስቱ ፅጌ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ለዘጠኝ ቀን መሄድ ግድ ሆነባት። እኔን ለዘይነባ አደራ ብላ፣ «ስልኩ እኔም ጋ ያሳያል፤ በየቀኑ አየዋለሁ» ብላኝ ሄደች።

ዘይነባን ላስተዋውቃችሁ። በራችን ፊት ለፊት ነው። የመጣችው ከስልጤ አገር ነው፣ ባሏ ሱቅ ነበረው፣ ነፍሱን ይማርና። ኮንዶሚኒየሙ ደርሶን የገባን ቀን እኔ ቁልፍ ጠፍቶኝ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ደርሳ ምንም ሳትጠይቅ አብራኝ ተቀመጠች። ያኔውኑ ጓደኛሞች ሆንን። ፅጌ ስትሄድ ዘይነባ እኔ ጋ ታድራለች፣ ለሶላት ወደ ቤቷ ትሻገራለች፣ ትመለሳለች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አስካለና የእድር ሴቶች ከበውኝ ሳለ ስልኩ በተቀዳ የሰሚራ ድምፅ «እማማ፣ የእንቅስቃሴ ሰዓትዎ ደርሷል» አለ። «ማነች እሷ?» አሉ ሁሉም ዞር ዞር ብለው። እኔ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ከትራሱ ሥር ሆና «አንድ… ሁለት… ሦስት…» ትላለች ምስኪን። ሴቶቹ ሲወጡ ዘይነባ ሾርባ ይዛ ገባች። ስልኩን አወጣሁና ቀዩን አሳየኋት። የፅጌ ፊት ታየኝ። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ፤ የሰይጣን ነው እንዳልል ሰይጣንም አያስበውም።

«ዘይነባ፣ አንቺ እኮ በቀን አምስት ጊዜ ትሰግጃለሽ።»

«ታዲያስ?»

«ጉልበትሽ ይታጠፋላ! ይሄን አስረሽ ብትሰግጂ ስልኩ የማን እግር እንደሆነ በምን ያውቃል? ፅጌ እስክትመለስ ብቻ።»

ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ አዞረችው። ሃይማኖቷን የነካሁባት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ተይው፣ ቀልዴን ነው» አልኳት።

ማሰሪያውን አንስታ አገላበጠችው። «ሶላቴን ማሽን ሲቆጥርልኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። «አምጪው እሺ። ግን ልንገርሽ፣ ይሄ ያንቺን ጉልበት አያጥፈውም።»

«አውቃለሁ። ልጅቷ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ማታ ማታ እኔ እሠራለሁ።»

አልሠራሁም። ማታ ደግሞ ደክሞኝ ነበር፤ ማሰሪያውም እሷ ጋ ነበር።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ፅጌ ከሐዋሳ ደወለች። «እማዬ! አረንጓዴ! እውነት አረንጓዴ ነው!» አብረዋት የሄዱትን ሁሉ እንዳሳየች ነገረችኝ። «እናቴ ጀግና ናት አልኳቸው» አለችኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የቀዘቀዘውን ሾርባ ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ዘይነባ ጎህ ሲቀድ ማሰሪያውንና ስልኩን ይዛ ትሻገራለች፣ ስትመለስ ግንባሯ ወዝቶ፣ እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰ ትገባለች። «ምነው ደከመሽ?» እላታለሁ። «ቤቱ ሙቀት ነው» ትላለች። እኔም አምኜ ቁርሴን እበላለሁ። በየቀኑ አረንጓዴ፣ በየቀኑ የፅጌ እልልታ።

ሐሙስ ጠዋት ሰሚራ በቪዲዮ ደወለች። ዘይነባ ስልኩን ያዘችልኝ።

«ደህና አደሩ እማማ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ባለፈው ሐሙስ ሃምሳ ስምንት ነበሩ። ከቅዳሜ ወዲህ መቶ ሠላሳ ይላል።»

«የእግዜር ሥራ ነው» አልኩ። እግዜርን በማስመስከሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«በአምስት ሳምንት መቶ ሠላሳ ያጠፈ ታካሚ አይቼ አላውቅም። የሚሠሩበትን ሰዓት ደግሞ አየሁት። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። አሥር ሰዓት ግድም። ጀምበር ስትጠልቅ። ከዚያ ማታ ሁለት ሰዓት።» ቀጥላም፣ «እማማ፣ ይህን ሰዓት አውቀዋለሁ። እናቴ ቤት በዚህ ሰዓት ነው ያደግኩት።»

ዓይኔን ከስልኩ ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዘይነባ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች።

«ሳይነግሩኝ ሰለሙ እንዴ?» አለች ሰሚራ።

ዘይነባ በሳቅ ፈነዳች። ሰሚራም እዚያ ማዶ ፈነዳች። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ስስቅ እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ሄዶ እንባው ብቻ ቀረ። ዘይነባ ስልኩን ወደ ራሷ አዙራ፣ «እኔ ነኝ ልጄ። እኔን ተቆጪኝ» አለቻት።

ሰሚራ አልተቆጣችም። ትንሽ አየቻትና፣ «እርስዎስ ግን ደህና ነዎት?» አለቻት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች ዘይነባ ቶሎ ብላ፣ ስልኩንም ወደ እኔ መለሰችው።

ማሰሪያውን ለኔ አሰረችልኝ። አጠፍኩ። እንደ ሲሚንቶ ነው። ጥርሴን ነክሼ ደገምኩ። ቁጥሩን አነበብኩት፤ ሃምሳ ስድስት። ካለፈው ሳምንት ወርጄ ነበር።

የሰሚራ ሳቅ ጠፋ። «እማማ፣ የዶክተሩ ቀጠሮ ሰኞ ነው» አለች። ቀጥላ፣ «ከእግርዎ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ጋቢ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አስካለ ካስገባችው ጊዜ ጀምሮ።»

«ያውጡት። ዛሬ ይመችዎታል፣ ነገ ግን እግርዎ እንደቆለመመ ይቀራል። የሚደርቀው በምቾት ነው።» ዘይነባ ጋቢውን ጎትታ አወጣችው። እግሬ ፍራሹ ላይ ሲያርፍ በወሊድ ቀን ያልጮህኩትን ጮህኩ። «አራት ቀን አለን» አለች ሰሚራ። «ዘጠና ባይደርስም እየወጣ መሆኑን ዶክተሩ ካየ ልከራከርልዎት እችላለሁ።»

«እንግዳውስ? በር ልዝጋበት?»

«አይዝጉ» አለች። «ያስቆጥሩት።»

ያን ቀን ለፅጌ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። «ለሁሉም ሰው አሳይቼው ነበር እኮ፣ እማዬ» አለች በቀጭን ድምፅ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ «ይቅር በይኝ» አልኩ። ልጄን ይቅርታ ስጠይቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ግን «በዘይነባ ሶላት ነው?» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እኔም ተነፈስኩ።

አርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አስካለ ናት፣ ከኋላዋ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተካ። ዘይነባ በሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ጠያቂ የሚገባው ቆጥሮ ነው» አለቻቸው።

«ምኑን ነው የምንቆጥረው?» አለች አስካለ።

እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎልኛል። ተረከዜ ሥር እንዲንሸራተት ፌስታል አድርገናል፣ በእግሬ መዳፍ ላይ ነጠላ ጠምጥሜ ሁለቱን ጫፍ ይዣለሁ፤ በሱ ራሴ ነኝ የምስበው። ስልኩ ወንበር ላይ ቆሟል። ጭኔን በሻሽ ሸፍነናል። ጋሽ ተካ ግን ይህን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «እኔ ከዚህ ሆኜ እቆጥራለሁ» አለ።

ሳብኩ። ጮህኩ። አስካለ ደረቷን ያዘች። «ይሄ ጥየቃ ነው ማሠቃየት?»

«ካልፈለግሽ ደረጃው ያውልሽ» አለቻት ዘይነባ።

አስካለ አልሄደችም። ነጠላዋን አደግድጋ አጠገቤ ቁጭ አለች። «በይ እንግዲህ! አንድ! ሁለት!…»

«ስምንት» አለች በኋላ።

«ሰባት ነው» አለ ጋሽ ተካ ከግድግዳው።

«አንተ ዞረህ ምን አየህና ነው?»

«የምቆጥረው ጩኸቷን ነው። ጩኸቷ ሰባት ነው።»

እየሳቅሁ ስምንተኛውን ሳብኩ። ሲስቁ ጡንቻ ይላላል መሰለኝ፤ ስልኩ ስድሳ ሦስት አለ። አስካለ እልል አለች። እግሬ ታጥፎ የሰው እልልታ ስሰማ፣ እንዲያ ሳፍርበት የኖርኩት ሕመም የሰው ሁሉ ሥራ ሆነልኝ። ከዚያ በኋላ በር አልተዘጋም። የሚመጣው ይቆጥራል፣ «አንድ ጨምሪ» ይላል፣ ቁጥሩን ለሚቀጥለው ነግሮ ይወጣል። ደረጃው ላይ ሲተላለፉ «ስንት ደረሰች?» ሲባባሉ ይሰማኛል። ቅዳሜ ሰባ አንድ፣ እሑድ ሰባ ስምንት፣ ቢጫ። እሑድ ፅጌ መጣች፤ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ መሬት ተቀምጣ እስከ ሃያ ቆጠረችልኝ።

ሰኞ ዶክተሩ ፊት ሰማንያ አራት አጠፍኩ። «ዘጠና ነበር ያልነው» አለ። እጄ ቀዘቀዘ። ሰሚራ በስልኩ ላይ የሳምንቱን መስመር አሳየችው። መስመሩ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ድንገት እንደ ተራራ ይወጣል፣ ድንገት ይወርዳል፣ ከዚያ በትንሹ በትንሹ ወደ ላይ ያቀናል።

«ይሄ ተራራ ምንድን ነው?» አለ።

«እሱ የጎረቤት ነው» አለች ሰሚራ። «የሳቸው ይሄኛው ነው።» በጣቷ የመጨረሻዎቹን አራት ቀኖች አሳየችው።

ረጅም ጊዜ አየው። «እየወጣ ነው» አለ። «አላስተኛቸውም። ሁለት ሳምንት ጨምሬያለሁ።»

ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ዘጠና ሁለት ደረስኩ። የመጀመሪያ ቀን ሚኒባስ ስገባ ረዳቱ «ማዘር፣ ጠጋ ጠጋ» አለኝ። ጉልበቴን አጥፌ ተጠጋሁ። እንደዚያ ቀን ረዳት የመረቅሁበት ጊዜ የለም፤ ልጁ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እናታችሁ ወይ አያታችሁ እንዲህ ያለ ማሰሪያ ታስሮላቸው ከሆነ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። ቁጥሩ የሚዋሽ ሆኖ አይደለም፤ ምስኪን ያየውን ነው የሚናገረው። ግን ማነው ያጠፈው ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂ ከሆናችሁም «አርፈሽ ተኚ» አትበሉ፤ ቁጭ በሉና ቁጠሩ። እኔ ሕመምን መደበቅ ጨዋነት ነው ብዬ ኖሬ ነበር። አሁን ሰፈሩ ውስጥ አንድ ሰው ጉልበቱን ሲሠራ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ፤ ጋቢም ካየሁ እጎትታለሁ።

ይህ ሁሉ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ዘይነባ በተራዋ እንደኔ ቀኝ ጉልበቷን ልታስቀይር ሆነ፤ ያዘችኝና አብረን ሰሚራ ጋ ሄድን። ሰሚራ ያንኑ ዓይነት ጥቁር ማሰሪያ በእጇ ይዛ መጠየቅ ጀመረች፤ ደረጃ እንዴት ነው፣ እንቅልፍ እንዴት ነው።

«መሬት ወርደው መስገድ ካቃተዎትስ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት» አለች ዘይነባ።

እኔ በልቤ ቆጠርኩ፤ ማሰሪያዬን ካሰረችልኝ ገና አራት ዓመት ነው። ሰሚራም የቆጠረች መሰለኝ፤ ማሰሪያውን ይዛ ቀና ብላ አየችን።

ዘይነባ እኔን አላየችኝም። የሻሿን ጫፍ አስተካከለችና፣ «በመሃል አምስት ቀን ብቻ ወርጄ ነበር» አለች።